አምባር፣ ሳንቲም ወይስ ጠገራ? በደሴና በኮምቦልቻ ገንዘቡን በወርቅና በብር ለማስቀመጥ ላሰበ ሰው

ከሪያድም ይሁን ከዱባይ የተላከ ገንዘብ ኮምቦልቻ ሲደርስ የቤቱ ወሬ ብዙ ጊዜ «ወርቅ ይገዛበት» በሚል ያልቃል። የትኛው ወርቅ የሚለው ግን ሳይነሣ ይቀራል። ደሴ ፒያሳ ወርቅ ቤት የተሰቀለው የ21 ካራት አምባር ወርቅ ነው፤ ፈርጥ የበዛበት የ18 ካራት ሀብልም ወርቅ ነው፤ ዘመድ በኪሱ ይዞት የሚመጣው የአንድ አውንስ ሳንቲምም ወርቅ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚታየው ጠገራ፣ የድሮው ትልቅ የብር ሳንቲም፣ ደግሞ ወርቅ ባይሆንም ከዚሁ ሐሳብ ጋር አብሮ ይነሣል። ሁሉም ሲገዙ ያምራሉ፤ ልዩነታቸው ሲሸጡ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ንጽጽሩን ከመሸጫው እንጀምር። የምትገዙትን ነገር ነገ እዚሁ ከተማ ማን ይቀበላችኋል? የሚቀበላችሁስ ንጹሕነቱን በምን ይፈትነዋል? ሊፈትነው ያልቻለውን ዕቃ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ የለም፤ ሊወቀስም አይገባም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ቋንቋችን ለገንዘቡም ለማዕድኑም «ብር» የሚል አንድ ቃል ነው ያለው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ራሱ ማዕድኑ ነበር። እዚህ ላይ ማዕድኑን ስንጠራ «ንጹሕ ብር» ወይም «የብር ማዕድን» እንላለን።

በስንት ግራም ነው የምንነጋገረው?

ድሮ ወርቅና ዝባድ የሚመዘነው በወቄት ነበር። ወቄቱም የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ 28 ግራም ከትንሽ። ዛሬ በዜና «የአንድ ወቄት ወርቅ ዋጋ» ሲባል የሚነገረው ግን የዓለም ገበያው ትሮይ አውንስ ነው፤ እሱ 31.1035 ግራም ይመዝናል። በሁለቱ መካከል 3 ግራም አለ። በዜና የሰማውን ዋጋ ለ28 የሚያካፍል ሰው የግራሙን ዋጋ 11 በመቶ ያህል አስወድዶ ያገኘዋል፤ ሻጭ ከሆነ ይጠቀማል፣ ገዥ ከሆነ ይጎዳል። «ወቄት» ያላችሁን ሰው ሁሉ «ስንት ግራም?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካራት ደግሞ ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። በዕቃው ላይ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ከሺህ ነው፦ 24 ካራት 999፣ 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750፣ 14 ካራት 585። ቀሪው መዳብ፣ የብር ማዕድን፣ አንዳንዴም ዚንክ ነው። ቅይጡ ማጭበርበሪያ አይደለም። ንጹሕ ወርቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ የ24 ካራት ቀለበት በእጅ ሥራ ላይ ይጣመማል፤ ፈርጥ አጥብቆ መያዝም አይችልም።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የአውንሱን ዋጋ ለ31.1035 አካፍሉ፤ የንጹሕ ወርቅ ግራም ዋጋ ይወጣል። እሱን በካራቱ አባዝታችሁ ለ24 አካፍሉ። አውንሱ 3,110 ዶላር ቢሆን ንጹሑ ግራም 100 ዶላር፣ የ21 ካራቱ 87.50፣ የ18 ካራቱ 75 ዶላር ይሆናል። የከተማችን ዋጋ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ የአገር ውስጥ አቅርቦትና የምንዛሪ ሁኔታ ይጫወቱበታል። ከዓለሙ ዋጋ ይልቅ የሚጠቅማችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወርቅ ቤት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «በስንት ትሸጣላችሁ?» እና «ይህንኑ ነገ ባመጣው በስንት ትገዙኛላችሁ?» ሁለተኛውን ጥያቄ የማይመልስ ቤት ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የደርሶ መልሱ ሒሳብ

በሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን ልዩነት የደርሶ መልስ ኪሣራ እንበለው። ለስሌት እንዲመች የንጹሕ ወርቅ ግራም 10,000 ብር ነው ብለን እንያዝ። ቁጥሮቹ ሁሉ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት።

20 ግራም የሚመዝን ልሙጥ የ21 ካራት አምባር ገዛችሁ። ወርቁ በግራም 8,750 ነው፤ የእጅ ዋጋው (ለሠሪው ድካም የሚከፈለው) በግራም 800 ቢሆን 191,000 ብር ከፈላችሁ ማለት ነው። ስትሸጡት የእጅ ዋጋውን ማንም አይመልስላችሁም። ገዥው ከወርቁ ዋጋ 3 በመቶ ቢቀንስ 169,750 ብር ይሰጣችኋል። 11 በመቶ ሄደ። ያወጣችሁትን ገንዘብ ብቻ ለማግኘት እንኳ ወርቅ 12.5 በመቶ መጨመር አለበት።

ፈርጥ ያለበትና ሥራው የደቀቀ የ18 ካራት ሀብል፣ እሱም 20 ግራም ይሁን። ወርቁ በግራም 7,500፣ የእጅ ዋጋው 1,500፣ ድምሩ 180,000 ብር ነው። ሲሸጥ ግን ፈርጡ ይወጣል፤ አንድ ግራም ድንጋይ ከነበረበት የቀረው 19 ግራም ነው። በዚያው 3 በመቶ ቅናሽ 138,225 ብር ታገኛላችሁ፤ ኪሣራው 23 በመቶ ነው። ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ገዝታችሁ በነጻ መለሳችሁት ማለት ነው።

የአንድ አውንስ ሳንቲም ዱባይ ላይ በ4 በመቶ ጭማሪ ቢገዛ 323,476 ብር ይሆናል። እዚያው ላለ የሳንቲም ነጋዴ በ1 በመቶ ቅናሽ ቢመለስ ኪሣራው 5 በመቶ አይሞላም። ደሴ መጥቶ ሳንቲሙን ለማያውቅ፣ አቅልጦ ለሚያይ ሰው በ6 በመቶ ቅናሽ ቢሸጥ ግን ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ከአምባሩ ብዙም አልተሻለም። ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፤ ኪሣራውን ያሳደገው ገበያው ነው።

የ21 ካራት አምባር

በወሎ ለቁጠባ የሚገዛ ሰው ምርጫውን ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ጌጥ አብዛኛው 21 ካራት ስለሆነ የከተማው ወርቅ ሠሪ ዓይኑም እጁም ለምዶታል፤ በድንጋይ ላይ ሲያሸው ቀለሙን ያውቀዋል። የሚለበስ ነገር መሆኑም ትንሽ አይደለም፤ ለሰርግ ይወጣል፣ ለችግር ቀን ይሸጣል።

ስትመርጡ ልሙጡን፣ ወፍራሙን፣ ፈርጥ የሌለበትን ያዙ። ውስጡ ክፍት ሆኖ በቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ አምባር በግራም የእጅ ዋጋው ይወደዳል፤ ከተረገጠ ወይም ከተጣመመም አይቃናም። በመያዣው ቁልፍ ላይ ያለውን ብየዳ ተመልከቱ፤ የብየዳው ቅይጥ ከአምባሩ ካራት ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ከሆነ ነውር የለውም፤ ብዙ መገጣጠሚያ ያለው ሰንሰለት ግን ሲቀልጥ 21 ብላችሁ የገዛችሁት 20 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በደረሰኙ ላይ ግራም፣ ካራትና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ። «አምባር፣ 1፣ ይህን ያህል ብር» ብቻ የሚል ደረሰኝ የመሸጫው ቀን ምንም አይረዳችሁም።

ማህተም ማስረጃ አይደለም። 875 የሚል መምቻ ማንም ያሠራል። ከቁጥሩ አጠገብ ጂ ፒ ወይም ጂ ኢ ፒ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካሉ ዕቃው የወርቅ ቅብ ነው፤ ደፍሮ የጻፈው እንዲያውም ሐቀኛው ነው።

ወርቅ ሠሪው በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ዕቃውን ያሻል፤ ከጎኑ ካራቱ የታወቀ መርፌ አሽቶ በሁለቱ ጭረት ላይ አሲድ ያንጠባጥባል። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን መዳቡንና የብር ማዕድኑን ይበላል፣ ወርቁን አይነካም፤ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ግን ወርቁንም ያሟሟል። ለከፍተኛ ካራት የሚያገለግለው ይህ ቅልቅል ነው። ጭረቱ ከመርፌው ጭረት ቀድሞ ከጠፋ ካራቱ ያንሳል። የዚህ ፈተና ድክመት ላዩን ብቻ ማንበቡ ነው፤ ወፍራም ቅብ ያለበት ዕቃ በቀላል እሽት ያልፋል። ስለዚህ በማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ትንሽ ጠልቆ እንዲያይ ጠይቁት። በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያም የሚያነበው ስስ የላይኛውን ንብርብር ነው።

የወርቅ ሳንቲም

ከወርቅ ሳንቲም መምታት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የወርቅ ሳንቲም አስመትቷል። የአክሱም ሠሪዎች በብርና በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ የወርቅ ንጣፍ እስከ ማስገባት የደረሰ ጥበብ ነበራቸው። በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ግን በወርቁ ውስጥ ያለው ቅይጥ እየበዛ ሄዷል። ሳንቲም በመንግሥት ስም ስለተመታ ብቻ ንጹሕ እንደማይሆን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዛሬ ለቁጠባ ተብለው የሚመቱት ሳንቲሞች ግን ንጹሕነታቸው የታወቀ ነው። የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የካናዳው ሜፕል ሊፍ በ1979፣ የአሜሪካው ኢግል በ1986፣ የኦስትሪያው ፊልሃርሞኒክ በ1989 ጀመሩ። ክሩገራንድና ኢግል 22 ካራት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሙሉ አውንስ ንጹሕ ወርቅ ለመያዝ ጠቅላላ ክብደታቸው 33.93 ግራም ይሆናል። የክሩገራንድ ቅይጥ መዳብ ብቻ ስለሆነ ቀላ ይላል፤ ኢግል የብር ማዕድንም ስላለበት ቢጫነቱ ይበልጣል። የዛሬው ሜፕል ሊፍና ፊልሃርሞኒክ 999.9 ናቸው፤ 31.1 ግራም ይመዝናሉ፤ ለስላሳ ስለሆኑ በጥፍር መፋቂያ እንኳ ይጫራሉ። ከእጅ ወደ እጅ ለሚዘዋወር ዕቃ 22 ካራቱ ይሻላል፤ ከፕላስቲክ መያዣው ሳይወጣ ለሚቀመጥ 24ቱም ችግር የለውም።

እዚህ ከተማ የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። ገዥው የለመደው 21 ካራት ስለሆነ ሁሉንም በ21 ሊያስብላችሁ ይችላል። ሜፕል ሊፍን በ21 ካራት ከሸጣችሁ 3.9 ግራም ንጹሕ ወርቅ አበረከታችሁለት፤ ክሩገራንድን ደግሞ 1.4 ግራም። በግራም 10,000 ብር ሒሳብ የመጀመሪያው 39,000 ብር ነው። «ይህ 24 ነው» ብሎ መከራከር ብቻውን አያዋጣም፤ መለኪያ ይዛችሁ ቅረቡ።

መለኪያው ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ) ነው። ወርቅ እጅግ እፍግ ያለ ማዕድን ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ 19.3 ግራም ይመዝናል። ነሐስ ወይም ናስ ከግማሹም ያንሳል። ስለዚህ የናስ ሳንቲም ክብደቱ ከገጠመ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ ውፍረቱ ከገጠመ ክብደቱ ይጎድላል። ክሩገራንድ 32.77 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.84 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሜፕል ሊፍ 30 በ2.87፣ ፊልሃርሞኒክ 37 በ2 ነው። የእንግሊዙ ሶቨሪን 7.99 ግራም፣ 22.05 ሚሊ ሜትር፣ 22 ካራት ነው። ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት ሦስቱም አብረው ከገጠሙ የቀረው ጥርጣሬ ተንግስተን ብቻ ነው። ተንግስተን እፍጋቱ 19.25 ስለሆነ ከንጹሕ ወርቅ በሚዛን አይለይም። በብዛት የሚያታልለው በጥፍጥፍ ወርቅ ውስጥ ተሰውሮ ነው፤ ለዚህም በ100 ግራም ጥፍጥፍ ፈንታ ሦስት ሳንቲም መያዝ ይመረጣል። ሳንቲም ቀጭን ነው፤ ተንግስተን ደግሞ ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ ጥርት ያለ ምስል አይመታበትም።

ትናንሽ ሳንቲሞች፣ አንድ አሥረኛ አውንስ የመሳሰሉት፣ በግራም ሲታሰቡ ይወደዳሉ፤ የመምታቱ ድካም ለትልቁም ለትንሹም ያው ነውና። ለስጦታ ካልሆነ አይመከሩም። ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ ከመብረሩ በፊት የጉምሩክን ወቅታዊ መመሪያ ይጠይቅ፣ የግዢ ደረሰኙንም አብሮ ይያዝ በሉት። «ከማዕድን ማውጫ በቀጥታ የመጣ ነው» ተብሎ በብልቃጥ የሚቀርብ ጥሬ ወርቅ ግን የንጽጽሩ አካል አይደለም። ያለ ፈቃድ መነገድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለውም የናስ ሙራጅ ሊሆን ይችላል።

የውሃው ፈተና፣ ቤት ውስጥ

አሲድም ጭረትም የማይፈልግ ፈተና ይኸውና። 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን ክር ይበቃል።

ዕቃውን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። ዕቃውን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉ፤ ታችም ጎንም አይንካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ዕቃው የገፋውን የውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ፤ እፍጋቱ ይወጣል።

24 ካራት 19.3 አካባቢ፣ የመዳብ ቅይጡ 22 ካራት 17.6 አካባቢ፣ 21 ካራት እንደ ቅይጡ ከ16.9 እስከ 17.5፣ 18 ካራት ከ15 እስከ 16 ያሳያል። ንጹሕ ብር 10.5፣ ጠገራ 10.2 ነው። ለምሳሌ ሜፕል ሊፍ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ 1.61 ማሳየት አለበት፤ ክሩገራንድ ደግሞ 1.93።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? አንደኛ የአየር አረፋ። አረፋ ከዕቃው ላይ ከተለጠፈ እፍጋቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ጥሩ ወርቅ ሐሰተኛ ይመስላል። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ዕቃውን ነቅነቅ አድርጉት። ሁለተኛ ክፍት አምባር፤ በውስጡ አየር ስላለ ፈተናው ጨርሶ አይሠራበትም። ፈርጥ ያለበትም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ የዕቃው ማነስ፤ 3 ግራም የሆነ ቀለበት የሚገፋው ውሃ 0.17 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ሚዛኑ በ0.01 ቢሳሳት ውጤቱ በ6 በመቶ ይዛነፋል፤ 21ን ከ22 መለየት አይቻልም። ከ15 ግራም በታች ለሆነ ነገር ብዙ አትመኑት። ማግኔት ደግሞ ብረትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው፤ ናስም መዳብም እንደ ወርቅ ማግኔት አይስባቸውም።

ጠገራና የምኒልክ ብር

በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ትሬዛ ስም የተመታው ጠገራ በላዩ 1780 የሚል ዓመት አለው። ሻጩ «ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ» ሲላችሁ አትደነቁ፤ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ስለሞተች ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይይዛል። በቪየና ብቻ ሳይሆን በለንደን፣ በቦምቤይ፣ በፓሪስ ተመትቷል። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ለራሱ ፍጆታ ሮም ላይ አስመትቶታል። ኦስትሪያ እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ስለዚህ ተራውን ጠገራ እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ ብር ማዕድን ዋጋ አውጡለት፦ 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ከሺህ 833 ንጹሕ ነው፣ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። ብዙ የተዘዋወረ ጠገራ ተፍቆ ሊቀል ስለሚችል መዝናችሁ ግዙ።

ሐሰተኛውን ጠርዙ ያጋልጠዋል። ትክክለኛው ጠገራ በዙሪያው ጎላ ብሎ የተጻፈ የላቲን ቃል አለው፤ ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» ነው። በሻጋታ የተቀዳ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም የደበዘዘ ፊደል ያሳያል። ድሮም አባቶች የትከሻዋንና የራስ ጌጧን ነጥቦች እየቆጠሩ፣ ጠርዙን በጣት እየዳሰሱ ነበር የሚቀበሉት። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኒኬል ያለበት ነጭ ቅይጥ ደግሞ ብር ይምሰል እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም፤ በውሃው ፈተና 8.6 አካባቢ ያሳያል።

የምኒልክ ብር ሌላ ወሬ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ተመቶ የመጣው ይህ ብር 28.075 ግራም፣ ከሺህ 835 ነው። የማዕድኑ መጠን ከጠገራው ጋር የሚተካከል ቢሆንም ሰብሳቢዎች ለዓመቱና ለጥራቱ ብለው ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ይከፍላሉ። ስለዚህም ሐሰተኛው ይበዛል። የደረቱን ጌጥ፣ የአንበሳውን ጋማና ፊደሉን በማጉያ እዩ፤ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ጥርት ብሎ መነበብ አለበት። ጆሮ የተበየደበት፣ ቀዳዳ የተበሳለት ወይም በአንገት ሐብል ላይ የከረመ ሳንቲም የሰብሳቢ ዋጋው ጠፍቷል፤ በማዕድኑ ብቻ ግዙት። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሳንቲሞችን ከአገር ማውጣት የቅርስ ፈቃድ እንደሚጠይቅም አትርሱ።

በነገራችን ላይ በ1936 ዓ.ም. ቀን የተመታው 50 ሳንቲም ከብር ማዕድን የተሠራ ነበረ፤ የመጀመሪያው ከሺህ 800 ንጹሕ፣ 7 ግራም ገደማ። የዚያው ዘመን የመዳብ 25 ሳንቲም በስፋት ስለሚመስለው ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው የሚያሳልፉ በዙ። ጠርዙ እንደ አበባ የተሸራረፈው 25 ሳንቲም የመጣው በዚህ የተነሣ ነው። አያት ሣጥን ውስጥ ክቡን 50 ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት መዝኑት።

ባቲ ላይ የሚሸጡ የቆዩ የብር አልቦዎችና ድሪዎች ብዙዎቹ ጠገራ እየቀለጠ የተሠሩ ናቸው። ቅልጡ ላይ መዳብ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ከ833 በላይ ግን ሊሆን አይችልም። «925» የሚል ማህተም ያለበት «የጥንት አልቦ» ካያችሁ አንዱ ውሸት ነው፦ ወይ ማህተሙ ወይ ጥንትነቱ።

የብር ማዕድን ለቁጠባ ይሆናል ወይ ለሚል፣ ይሆናል፤ ሸክሙን ከቻላችሁት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ አንድ ግራም ወርቅ ከ30 እስከ 120 ግራም ብር ሲለወጥ ታይቷል። በ80 ሒሳብ የ30 ግራም ወርቅ ዋጋ 2.4 ኪሎ ብር ነው። ከፍላጎቱ ግማሹ ገደማ ከፋብሪካ፣ ከፀሐይ ኃይል መሣሪያና ከኤሌክትሮኒክስ ስለሚመጣ ዋጋው ከወርቅ ይልቅ ይዘላል፣ ይወድቃል። ደሴ ላይ የሚገዛችሁም ጥቂት ነው። የልጅ ልጅ እንዲያየው የሚቀመጥ ከሆነ ግን ጠገራን የሚያህል የለም።

ፕላቲነምና ፓላዲየም

ስለነዚህ አጭር መልስ፦ እዚህ አትግዙ። ፕላቲነም ከወርቅ ይከብዳል፣ እፍጋቱ 21.45 ነው፤ የሚቀልጠው ግን በ1,768 ዲግሪ ነው። ወርቅ በ1,064፣ ብር በ962 ዲግሪ ስለሚቀልጡ የከተማው አንጥረኛ እሳት ይበቃቸዋል፤ ለፕላቲነም አይበቃም። ያላቀለጠውንና በመርፌው የማይፈትነውን አይገዛችሁም። ስፔኖች ደቡብ አሜሪካ ላይ ሲያገኙት «ትንሿ ብር» ብለው ናቁት። በክብደቱ ወርቅን ስለሚመስል በ18ኛው መቶ ዓመት ወርቅን ለማጭበርበር ይቀላቀል ነበር፤ ዛሬ ሲታሰብ ያስቃል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1845 የፕላቲነም ሩብል መትታለች። የእኛም አገር ዩብዶ፣ ወለጋ ውስጥ፣ በዚሁ ማዕድን ይታወቃል። ፓላዲየም የዚሁ ቤተሰብ አባል ሲሆን ዋና ገዥው የመኪና ጭስ ማጣሪያ ሠሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አውንሱ ከ3,000 ዶላር አልፎ በሁለት ዓመት ውስጥ 1,000 አካባቢ ወርዷል። ይህ ለድሃ ቤት ቁጠባ አይሆንም።

«ነጭ ወርቅ» የሚባለው ፕላቲነም አይደለም፤ ነጭ እንዲሆን የተቀየጠ ወርቅ ላይ ሮዲየም የሚባል ነጭ ማዕድን የተቀባበት ነው። ቅቡ ሲለብስ ቢጫው ብቅ ይላል።

አቀማመጥ፣ ዘካና የመሸጫው ቀን

ወርቅ አይዝግም፤ ቅይጡ ግን በበረኪና ይጎዳል። በረኪና ሲነካው የሚከርም የ18 ካራት ቀለበት በጥፍሮቹ ላይ ይሰነጠቅና ፈርጡን ይጥላል። የብር ማዕድን የሚጠቁረው በድኝ ምክንያት ነው፤ ሱፍ፣ የላስቲክ ማሰሪያና ጭስ ድኝ አለባቸው። የደሴ ብርድ አስገድዷችሁ ጠገራውን በሱፍ ባና ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት በዓመቱ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ንጹሕ ጥጥ ጨርቅና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይሻላል። ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ በሳንቲም ላይ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። የጠቆረ ጌጥ አሉሚኒየም ወረቀት በተነጠፈበት ሳህን ላይ፣ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃና በአንድ ሾርባ ማንኪያ ሶዳ ይነጣል። የምኒልክን ብር ግን እንዳትሞክሩት፤ ሰብሳቢ የሚወደው ያንኑ ጥቁረት ነው።

ዘካ ለሚያወጡ፦ በብዙ ዑለማዎች ስሌት ኒሳቡ (ዘካ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን) 85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ወይም 595 ግራም ንጹሕ ብር ነው። በ21 ካራት ሲታሰብ 97 ግራም ይሆናል፤ በጠገራ ሲታሰብ 26 ጠገራ። ለመጠራቀሚያ የተያዘ ሳንቲም ላይ 2.5 በመቶው ግልጽ ነው። በሚለበስ ጌጥ ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የሠፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ልትሸጡ ስትወጡ ከቤት መዝናችሁ ውጡ። ሁለት ወይም ሦስት ወርቅ ቤት ጠይቁ፤ የንጹሑን ሳይሆን የካራታችሁን የግራም ዋጋ አስነግሩ። ሚዛኑ ከፊታችሁ ዜሮ ሲሆን እዩ፤ ፈርጥ ካለ ለብቻው ይመዘንና ለእናንተ ይመለስ። አንዳንድ ገዥ «አቅልጬ ልየው» ይላል። ከመቅለጡ በፊት ሁለት ዋጋ አስማሙት፦ እንደተባለው 21 ከወጣ ስንት፣ 20 ወይም 18 ከወጣ ስንት። ዋጋ ሳይቆረጥ የቀለጠ አምባር ወደ ሌላ ቤት ሲወሰድ ማህተምም ቅርጽም የሌለው ጉብታ ነው፤ ቀጣዩም ገዥ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ለምን እንደቀለጠ ነው።